ከመቶ ዘጠና አንዱ ረክተዋል

ጋዲሴ ሪፖርቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው አንጀቷ እርር አለ። «ከእንጦጦ ግርጌ በጥናቱ ከተካተቱት አራት መቶ ቤቶች ከመቶ ዘጠና አንዱ በውሃ አቅርቦቱ ረክተዋል። ችግሩ ስለተቀረፈ ቦቴው ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወር ይመከራል» ይላል። ቦቴው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየቅዳሜው የሚልከው የውሃ መኪና ነው። ቧንቧማ ሰፈሩ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ከተዘረጋ ወዲህ ግን ከውሃ ይልቅ ንፋስ ነው የሚወጣው። ጋዲሴ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋትም። እዚያው ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው።

ከሁሉ የከነከናት ደግሞ ሌላ ነው። ከአራት መቶው የዘጠናውን ቤት በር ያንኳኳችው ራሷ ናት። ሰደርያ ለብሳ፣ ታብሌት ይዛ፣ «የውሃ አቅርቦቱ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃለች። ሰዉም የአገሩን መልስ መልሷል። «ተመስገን ነው» አሏት፤ የወንጌል አማኞቹም «ጌታ ይባረክ» አሏት። ሥልጠናው ላይ «የተባላችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትመዝግቡ» ተብላለችና፣ «ረክቻለሁ» የምትለውን ሳጥን ስትነካ ዋለች። ለመሆኑ በዚህ አገር የማያውቀው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ «እንዴት ነው?» ሲለው «ከፋኝ» የሚል ማን አለ? ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ ተመስገን ይላል፤ ኡኡታው ከዚያ በኋላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የካ ወዳለው ቢሯቸው ገባችና የጥናት ቡድኑ መሪ አቶ ሰርፀ ፊት ቆመች።

«ይሄ መደምደሚያ ልክ አይደለም።»

«ቁጥሩ ተሳስቷል?»

«ቁጥሩስ ልክ ነው። ከቁጥሩ የወጣው ሐሳብ ነው ልክ ያልሆነው። ሰዎቹ ያሉት ተመስገን ነው፤ ተመስገን ደግሞ ሰላምታ ነው። እሺ፣ ከልባቸው ረክተው ነው እንበል። የረኩት እኮ ቦቴው ስላለ ነው! በሽተኛው ተሻለው ብሎ መድኃኒቱን መንጠቅ ምን የሚሉት ነው?»

ሰርፀ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፣ ሰድባው ትወጣ ነበር።

«ታዲያ ሰዉ ያለውን ትቼ አንቺ ያሰብሽለትን ልጻፍ? ማስረጃ ካለሽ አምጪ። ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል።»

ከሰዓት በኋላውን ሃያ ቤት ዞረች። አሁን «እንዴት ነው?» የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። «ትናንት ስንት ጀሪካን ቀዳችሁ? ከየት?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ይሄኔ የሰዉ አፍ ተፈታ። ጀሪካን መቁጠር ማማረር አይደለማ! ባለፈው ተመስገን ብለው የሸኟት ወይዘሮ አሳየች እንኳ ሁለት ጀሪካን ከወንዝ መቅዳታቸውን፣ ወገባቸው እንደተቆረጠ ሳይቀር ነገሯት። ከሃያው ቤት አሥራ ሰባቱ የወንዝ ውሃ ነው የጠጣው። ጋዲሴ በነጋታው ወረቀቱን ይዛ ስትሮጥ መጣች።

ሰርፀ አንብቦ ጨረሰና፣ «ሃያዎቹን ቤቶች ማን መረጣቸው?» አላት።

«እኔ።»

«የጠየቀውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«የመለሱት ደግሞ ጎረቤቶችሽ። ጋዲሴ፣ ይሄ አቤቱታ እንጂ ጥናት አይደለም።»

ደሟ ፈላ። ደሟን ያፈላው ደግሞ ሰውየው እውነት መናገሩ ነው። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።

«እንግዲያው ይምጡና ራስዎ ይጠይቁ! እናቴን ይጠይቋት።»

«እሺ። አንቺ ግን ትንፍሽ አትይም።»

ተስማማች። እናቷን ተማምና ነው። እማማ ዲንቄ የዚያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻዋን ጀሪካን እየነቀነቁ፣ ቧንቧውንም የዘረጋውንም ሲረግሙ ነው ትታቸው የወጣችው።

መኪናው አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ቆመ። ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል በእግር ወጡ፤ ሰርፀ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰ። እማማ ዲንቄ በር ላይ ተቀበሏቸው።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? የጋዲሴ የሥራ ኃላፊ ነኝ። ውሃው እንዴት ነው?»

ጋዲሴ በዓይኗ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ሰውየውን ነው፤ አቧራ የጠጣ ጫማውን፣ ላብ ያጠመቀው ግንባሩን።

«ተመስገን ነው ልጄ! ምን ጎደለን? ኧረ ግቡ፣ ደጅ አትቁሙ!»

የተቀቀለ ድንች ቀረበ። ከዚያ እማማ ዲንቄ ያችን የመጨረሻ ጀሪካን አዘንብለው ጆጉን ጢም አድርገው ሞሉና እንግዳውን ማስታጠብ ጀመሩ። እንግዳ እጅ ላይ ውሃ ቆንጥሮ ማፍሰስ ነውር ነውና አልቆነጠሩም። ውሃው ከሰርፀ ጣቶች ወደ መታጠቢያው ሳህን ሲወርድ ጋዲሴ እራቱ፣ የጠዋቱ ሻይ፣ የእግር መታጠቢያው ሁሉ አብሮ ሲፈስ አየችው። የተረፈውን በብርጭቆ ቀዱለት። ጠጣው።

«ሃርሜ፣ እውነቱን ንገሪው እንጂ!» አለች እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ፤ ዝም ማለት አልቻለችም።

እናቷ ገላመጧት። «ምን የደበቅኩት አለና ነው?»

ሰርፀ ጋዲሴን በሐዘኔታ አያትና «ተስማምተን ነበር» አለ። ድንቹን በላ፣ መረቀ፣ ቁልቁለቱን ወረደ።

ከዓይን ሲሰወር ጋዲሴ ጮኸች። «ጠዋት ስታማርሪ አልነበር? ለምን አልነገርሽውም?»

«ላንቺ ነዋ ያማረርኩት፣ ልጄ ነሽ። ዳገት ወጥቶ ለመጣ እንግዳ ገበናዬን ልዘርግፍበት? አለቃሽ ፊት ለማኝ ልምሰል?» ባዶውን ጀሪካን አነሱና አስጨበጧት። «ደሞ ደግ ሰው ነው። በይ ወንዝ ውረጂ፣ ለዛሬ ለነገ ይሆነናል። ቦቴው እስካለ ድረስ ምን ቸገረን?»

«ቦቴው ከእንግዲህ አይመጣም፣ ሃርሜ።»

እማማ ዲንቄ ሳቁ። «ደሞ ይሄን ማን አለ?»

«አንቺ» አለቻቸው።