ከሳሽ ያጣች ሌባ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛ መንደር ግን ጉዱን የሰማው ገና በድርቆሽ አጨዳ ወቅት ነው። የሳይለስ ሚስት ኬዛያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ወደ ዶርካስ ዳቦ ቤት ገባችና ትልቁን ዳቦ ብብቷ ሥር ሸጉጣ «ሰረቅኩሽ!» አለች።

ዶርካስ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ቀና ብላ አየቻት።

«ውሰጂው እንጂ ልጄ። እንደውም ያኛው ይሻልሻል፣ አሁን ነው የወጣው።»

«እትዬ ዶርካስ፣ አልገባሽም። ስጪኝ አላልኩም። ሰርቄሻለሁ! ጩኺ!»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምጮኸው? ደግሞ ጉሮሮዬን አሞኛል።»

ኬዛያ ዳቦውን እንደያዘች ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ልቅሶም ሳቅም መጣባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሳይለስ በክረምቱ ሥራ ጠፍቶ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ የባላባቱን በግ ነድቶ አመጣና አልጋ ሥር ደበቃት። ሰው በግ አልጋ ሥር ይደብቃል? ሳይለስ ይደብቃል። የመንደሩ ዘብነት በየዓመቱ በተራ የሚደርስ ጣጣ ነው፤ ዘንድሮ የደረሰው ጫማ ሰፊው አሞስ ላይ ነው። አሞስ የተጠገነ ጫማ ሊያደርስ ጎራ ቢል በጓ «ምእእ» አለች። ደግ ሰው ስለሆነ «ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ፣ ሳይለስ» አለ። ሳይለስም ሳል ሳል አደረገ። በጓ ግን ነገር ስለማይገባት ደገመች። ይሄም ባለፈ ነበር፣ የባላባቱ ምስለኔ በር ላይ ቆሞ ባይሰማ ኖሮ።

ዳኛው መጀመሪያ ገመድ ፈረዱበት፣ ኋላ ራሩና አሥራ አራት ዓመት ግዞት ባሕር ማዶ አሉት። አሁን ወደቡ ላይ አሮጌ መርከብ ውስጥ ሰንሰለቱን ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

ኬዛያ ቄሱን ለምና ለመንግሥት አጻፈች፤ አብሬው ልሂድ ብላ። መልሱ መጣ፦ የግዞተኛ ሚስት መሄድ ከፈለገች በራሷ ኪስ ትሂድ። ኪስ! ቀሚሷ ላይ እንኳ ኪስ የላትም።

«ለሌባ መርከቡ በነፃ፣ ለሌባ ሚስት በገንዘብ!» ብላ ጮኸች ኬዛያ። «እንግዲያውስ ሌባ እሆናለኋ!»

መሆኑስ ቀላል ነበር፤ ግን ሌባ ያለ ከሳሽ ምን ዋጋ አለው? በኛ ዘንድ የተሰረቀ ሰው ራሱ ነው ይዞ የሚከስ፣ ራሱ ነው ምስክር ጎትቶ ከተማ የሚወርድ፣ ራሱ ነው ተራው እስኪደርስ በመሸታ ቤት ሂሳብ የሚቦጠቦጥ። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ዶሮውም ቢጠፋበት ዋጥ አድርጎ ዝም የሚለው። ያውም ድርቆሽ ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም! ዳኞቹ ደግሞ የሚመጡት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው፤ የአሁኑ ችሎት ካመለጣት እስከሚቀጥለው ሳይለስን የት ጥለውት እንደሚመለሱ ማን ያውቃል?

«ባሕር ማዶ ሰፊ ነው አሉ፣ ልጄ» አለቻት ዶርካስ። «ብትሄጂስ እንዴት ታገኚዋለሽ?»

«ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሳይለስ የታሰረ ለት ነው መንደራችን ሌሊት የሚጮኽ ወንዝ እንዳለው ያወቀው።

ከዚያ የአሞስን ቦት ጫማ ሰረቀች፣ ዘቡን ራሱን! አሞስ በካልሲው እየተራመደ ቤቷ መጣ።

«ጋሽ አሞስ፣ እጅ ከፍንጅ ያዝከኝ!» አለችው በደስታ።

«ያዝኩሽ እንበል። ከተማ የሚወስድሽ ማነው? እኔ። በምን እግር? ጫማውን አንቺ አድርገሽዋል። ኧረ ተይኝ፣ ኬዛያ! ዝናብ ሳይመጣ መልሺልኝ።»

የቀረው አንድ ሰው ነበር፦ አይብ ነጋዴው ጃስፐር ክራውዲ። ክራውዲ ማንንም ምሮ አያውቅም። የናቱን ቀብር እንኳ ዘግይተው ጀመሩ ብሎ ከቄሱ የተጣላ ሰው ነው። ኬዛያ ከመጋዘኑ የጋሪ እግር የሚያህል ደረቅ አይብ አወጣች። መሸከም ቢያቅታት እያንከባለለች ዳገቱ አናት ስትደርስ አይቡ ከእጇ አመለጠ። አይብ ቁልቁል፣ ኬዛያ ከአይቡ ኋላ፣ ክራውዲ ከኬዛያ ኋላ «በሕግ አምላክ ቁሚ!» እያለ። የቆመው አይቡ ነው፣ የወፍጮ ቤቱን አጥር ጥሶ።

«እከስሻለሁ! ባሕር ማዶ ነው የምልክሽ!» አለ ክራውዲ እያለከለከ።

ኬዛያ ልትስመው ምንም አልቀራት።

ምን ያደርጋል፣ የደግ ሰው አፍ ነገር ያበላሻል። ማታውኑ መሸታ ቤት አሞስ የክራውዲን እጅ ያዘና «እግዜር ይስጥልህ! ባሏ ጋ ልትሄድ ስንት ደጅ ጠንታ ነበር፣ አንተ ጽድቅ ሠራህ» አለው። ክራውዲ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ አይቡን መሰለ።

«ጽድቅ? እኔ? ለሷ ደስታ ከኪሴ ላወጣ? በሕልሟም! ክሱን ትቼዋለሁ!»

ኬዛያ ይህን ስትሰማ የእውነት ተሰበረች። ጠዋት ዶርካስ ኬዛያን ምድጃ አጠገብ ተኮራምታ ስታለቅስ አገኘቻትና ራሷን ስትዳብሳት ቆየች። ከዚያ ድንገት ብድግ አለች።

«ስሚ፣ ይሄን ልቅሶ እዚህ አታባክኚው። ያ ሰው ለሰው ደስታ አይነቃነቅም፤ ለሰው ለቅሶ ግን በባዶ እግሩ ይሮጣል። ተነሺ፣ ደጁ ላይ እናልቅስ!»

መንደሩ ወጣ። ድርቆሹን ጥሎ ወጣ! ሽርጣችንን ዓይናችን ላይ አድርገን የክራውዲ በር ላይ ተንበረከክን። ዶርካስ ፊት ሆና፦

«በሞቴ ይማሯት፣ ጌታዬ! ባሕር ስታይ ትሞታለች! የወፍጮውን ቦይ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሻገረው!»

«ዓሣ ይበላኛል!» አለች ኬዛያ።

ክራውዲ በመስኮት ብቅ አለ። «ባሏ ጋ መሄድ ፈልጋ ነው ተብያለሁ።»

«የምን ባል!» አለች ዶርካስ፣ መቼ እንዳሰበችው እሷም አታውቅም። «ያ አንኮራፊ ሄዶላት ተገላገለች! ባሕር የተሻገረ እንደሞተ ይቆጠራል አይደል? ልታገባ ነው እኮ፣ ቀን ተቆርጧል! አሞስን! ማታ ያን ያለዎትም ክሱን እንዲተዉለት ብሎ ነው!»

አሞስ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀልቶ አያውቅም። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሁሉም ነገር ገደል ይገባ ነበር፤ ደግነቱ ምላሱ ተሳስሮ አንገቱን ብቻ ደፋ። ክራውዲ አንዴ አሞስን አንዴ ኬዛያን አየ። በአንድ አይብ የሁለት ሰው ልብ መስበር! ፊቱ በራ።

«ጋሪ ጫኑልኝ! ከተማ እወርዳለሁ!»

የችሎቱ ቀን ስንት ለቅሶ እንዳዘጋጀን አትጠይቁኝ። ክራውዲ እንዳይነቃ ፍርድ ቤቱ ደጅ ድረስ እያለቀስን ተከተልነው። ያልገመትነው ነገር ቢኖር ከዳኛው በፊት ጥፋተኛ ናት አይደለችም የሚሉት ገበሬዎችም ሆድ እንዳላቸው ነው። አንደኛው አፍንጫውን መናፈጥ ጀመረ፣ ሌላው «ምስኪን» አለ። ኬዛያ ስታያቸው ደነገጠች። ነፃ ሊለቋት ነው!

ዳኛውም ጥሩ ሽማግሌ ሆኑባት። «ልጄ፣ መቼስ ርቦሽ ነው የወሰድሽው?»

«ቁርሴን በልቼ ነበር፣ ጌታዬ» አለች እየተንሰቀሰቀች።

«ልትመልሺው አስበሽ ይሆን?»

«እንዴት ብዬ ጌታዬ፣ እሱ እኮ ነው የሚሸሸኝ!»

«ምናልባት ራሱ ተንከባሎ መጥቶ...»

«መዝጊያውን ሰብሬ ነው ያወጣሁት!» ብላ ጮኸች፤ መዝጊያው ተሰብሮ ባያውቅም። ዘቡ አሞስም ተጠየቀና፣ ዕድሜ ልኩን ክፉ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ዓይን አውጣ ሌባ ናት፣ ጌታዬ» አለ። ብሎም አለቀሰ። ክራውዲ የአሞስን እንባ ሲያይ እጁን ያፋትግ ነበር።

ገበሬዎቹ እየከበዳቸው «ጥፋተኛ» አሉ። ዳኛው ተነፈሱ። «ሰባት ዓመት። ባሕር ማዶ።»

ኬዛያ የውሸት ለቅሶዋ ከመቅጽበት ደረቀ። «ክቡር ዳኛ፣ ባሌ እኮ አሥራ አራት ነው ያለው! ሰባቱን ጨርሼ እሱን ቁጭ ብዬ ልጠብቀው ነው? ትንሽ ይጨምሩልኝ!»

«ይሄ አይብ ከሰባት በላይ አያወጣም» አሉ ዳኛው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው።

ክራውዲ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ምሬያታለሁ! ጌታዬ፣ ምሬያታለሁ! አይቡም ይቅር!»

«ዘገየህ። ተቀመጥ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባርኔጣ ተወረወረ፣ አሞስ እንኳ ሳቀ። ኬዛያ ወደኛ ዞር ብላ በሁለት እጇ ከሩቅ ሳመችን፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ። ዶርካስ ብቻ ሽርጧን ከፊቷ አላነሳችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ኬዛያ በተከሳሽ መቆሚያው የእንጨት አጥር ላይ ተንጠልጥላ ጎንበስ አለችባት። «እትዬ ዶርካስ፣ በቃ እኮ! ተፈረደልኝ። ማልቀሱ አሁን ቀረ።»

«ያንኛው ቀርቷል» አለች ዶርካስ ከሽርጧ ውስጥ። «ይሄ የራሴ ነው። ነገ ዳቦዬን ማን ይሰርቀኛል?»