ነጥቧ የቆመችበት በር

መርዕድ በአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነው። የዚያን ሐሙስ ግን እጁ መሪው ላይ ይሁን እንጂ ልቡ ኮሎራዶ ነበር። ልጁ ልዕልት ከአብሮ አደጓ ከሚካኤላ ጋር ተራሮቹን በብስክሌት ልትሻገር ከሄደች ሳምንት አልፏታል። መንገድ ባለበት ይጋልባሉ፤ ገደሉ ሲበረታ ብስክሌቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው በእግር ይወጣሉ።

"ተሸክማችሁት ልትወጡ ምን ያደርግላችኋል?" ብሏት ነበር ስትነሳ።

"አባዬ፣ ቁልቁለቱስ?" ብላ ሳቀችበት።

ልዕልት ቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ያሰረችው ትንሽ መሣሪያ ከሳተላይት ጋር ይገናኛል፤ ያለችበትንም ቦታ በሰማያዊ ነጥብ አባቷ ስልክ ላይ ያሳያል። ያችኑ ነጥብ የሚካኤላ አባት ገብረእግዚአብሔርም አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ካለው ቤቱ ሆኖ ያያታል። ሁለቱ ሰዎች ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ድንኳን ተጋርተው ያደሩ፣ አሜሪካም ተከታትለው የገቡ ናቸው። ገብረእግዚአብሔር ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከሚካኤላ በቀር የእኔ የሚለው የለውም። በየጠዋቱ ይደውልና "ነጥባችን እንዴት አደረች?" ይላል።

ልዕልት በዋዜማው እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ "ትልቁ በር፣ ተራራውን የምናልፍበት፣ ነገ ነው። ጣርማ በርን አስበው፤ ግን ከሱም በላይ፣ መኪናም የማይወጣው። ከቀትር በፊት ማለፍ አለብን፤ ከቀትር በኋላ መብረቅ አለ።" በማግስቱ ግን የአንዳቸው ጎማ ፈንድቶ ኖሮ አርፍደው ተነሡ። እዚያ ቀትር ሆኖ ነጥቧ ገና ከበሩ በታች ነበረች። ጥቂት ወጣች፤ ከዚያ ቆመች።

ገብረእግዚአብሔር ደወለ። "መርዕድ፣ ነጥቧ ቆመችብኝ። ስልኬ ይሆን እንዴ የተበላሸው?"

"የእኔም ቆማለች። ምሳ እየበሉ ይሆናል።"

"አናቱ ሥር፣ ንፋስ ላይ ምን ምሳ አለ?"

መርዕድ ወደ ሥራው ተመለሰ። መንገደኛ ጫነ፣ አራገፈ፣ ደግሞ ጫነ። አንዲት ሴትዮ በረራዋ እንዳያመልጣት ስትጨነቅ "ይደርሳሉ፣ አይዞዎት" አላት። ነጥቧ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሻንጣ እያወረደ ሳለ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለ። የነፍስ አድን ሠራተኛ ነኝ አለ ሰውየው። ከልዕልት መሣሪያ የድረሱልን ጥሪ ደርሷቸዋል፤ መልእክቱም "መብረቅ መታን፤ አንድ ሰው ክፉኛ ተጎድቷል" ይላል።

"ማን? የትኛዋ?"

"አላወቅንም፣ ጌታዬ።"

"ሄሊኮፕተር ላኩ እንጂ!"

"ደመናው ካልተገለጠ አይነሳም። ሰዎች በእግር እየወጡ ነው፤ ሰዓታት ይወስድባቸዋል።"

"እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

"ስልክዎን ክፍት ያድርጉልን።"

መርዕድ ባዶው ሻትል ውስጥ ተቀመጠ። መሣሪያው የልዕልት ነው፤ ስለዚህ የጻፈችው እሷ ናት፣ የተጎዳችው ሌላዋ ናት ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ፣ ሚካኤላ ከወደቀችው ጓደኛዋ ቦርሳ ላይ ፈትታ ልትጽፍም ትችላለች አለ በልቡ። "ጌታ ሆይ፣ የእኔዋ አትሁን!" አለ ድምፁን አውጥቶ። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደለመነ የገባው። ከሁለት አንዷን ተው ማለት ሌላዋን ውሰድ ማለት ነው። አፉን በመዳፉ ያዘ። ግን ልመናውን መልስልኝ ሊል አልቻለም፤ ልቡ ደጋግሞ እሱኑ ይል ነበር።

ሚስቱ ተናኘ ጋ ደወለ። ዱሉዝ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ላይ ስልክ ስለማይፈቀድላቸው አላነሳችም። ገብረእግዚአብሔር ግን መልሶ ደወለ።

"ለእኔም ደውለው ነበር፤ ሩጫ ነው ንግግራቸው፣ 'ሬስኪው'፣ ማዳን፣ የሚል ብቻ ነው የገባኝ። ምን አሉህ?"

"መብረቅ ነበር አሉ። ሰዎች እየወጡላቸው ነው።" አንድ ሰው ተጎድቷል የሚለውን ሳይነግረው ስልኩን ዘጋ።

ሥራ የሚመድበው ልጅ፣ ፍፁም፣ ፊቱን አይቶ መጣ። "ጋሼ መርዕድ፣ ቁልፉን ስጠኝና ሂድ በቃ።"

"ወዴት ልሂድ?"

ፍፁም ቁልፉን ተቀበለው። አውሮፕላን በላያቸው እያጓራ ተነሣ። አንዱ ዴንቨር ይሄድ ይሆናል፤ ተሳፍሮስ ምን ሊሆን? የዚያን ተራራ ስም እንኳ አስተካክሎ መጥራት አይችልም። ማቆሚያው አጥር ሥር ቆሞ ያችን ነጥብ አፍጥጦ ሲያይ ዋለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ።"

አጥሩን ያዘ። "ተመስገን! ተመስገን! ደህና ነሽ?"

"እጄ ትንሽ ተቃጥሏል። አባዬ፣ ሚኪ ቀድማኝ አናቱ ላይ ደርሳ ነበር። እጇን እያወዛወዘች 'ነይ፣ ደረስሽ እኮ!' ትለኛለች። ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ስነቃ ወድቃለች። ደረቷን ተጫንኩት፤ ሰዎቹ እስኪመጡ ዝም ብዬ ተጫንኩት። አልተነሳችም፣ አባዬ። አልተነሳችም።"

መርዕድ ስሟን ደጋግሞ ጠራ።

"እዚህ ያለው ፖሊስ ለጋሽ ገብሬ ሊደውልለት ነው" አለች እያለቀሰች። "ቆይ ብለው አልሰማኝም። በስልክ አይስማ፣ ፕሊስ። ቅደም።"

መርዶ በጎህ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ ሰውየው ገና ከመኝታው ሳይነሣ፣ የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ ሆኖ። መርዕድ ይህን ያውቃል፤ የስንቱን መርዶ አብሮ ሄዷል። አሁን ግን ብቻውን የራሱ መኪና ውስጥ ነበር፤ ሰማንያ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና ደግሞ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ጥሩምባውን ነፋ፤ የፊተኛው መኪና ሹፌር በመስኮቱ እጁን አውጥቶ የት ልግባልህ አለው።

ገብረእግዚአብሔር ደወለ። አላነሳም። ደግሞ ደወለ።

"አዲስ ነገር አለ?"

"እየመጣሁ ነው፣ ገብሬ። ቤት ቆየኝ። ሌላ ሰው ቢደውልልህ አታንሳ።"

"ለምን?"

"መጣሁ በቃ።"

ሲደርስ ገብረእግዚአብሔር አፓርታማው በር ላይ ቆሟል፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። መርዕድን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ጥሩ ጊዜ መጣህ! ፖሊሱ ነው፤ ይፈጥንብኛል። እንካ፣ አስተርጉምልኝ።"

መርዕድ ስልኩን ተቀበለ። ሰውየው አባትየው እርስዎ ነዎት ወይ አለው። ጓደኛው ነኝ አለ። ሰውየው ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ መርዕድ የሚያውቀውን ሁሉ ነገረው።

"ምን ይላል? ወረዱ?"

"ግባና ቁጭ እንበል፣ ገብሬ።"

"መቀመጡን ተወው። ልዕልትስ?"

"ልዕልት ወርዳለች።"

ገብረእግዚአብሔር ፊቱን ትክ ብሎ አየው። የቀረችው ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባው። "ልዕልት እንኳን ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ መርዕድ ዘመመ። መርዕድ ሊደግፈው ቢሞክር ከበደው፤ አብረው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። ስልኩ ውስጥ ሰውየው "ሄሎ? ጌታዬ፣ አሉ?" ይላል።

ልዕልት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ለቀብሩ መጣች። በለቅሶው አዳራሽ ገብረእግዚአብሔር አጠገቡ አስቀመጣት።

"አናቱ ላይ ደርሳ ነበር አልሽኝ?"

"ደርሳ ነበር።"

"እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚያ ሲያዩት ምን ይመስላል?"

ልዕልት መናገር ጀመረች። መርዕድ ሻትሉ ውስጥ የለመነው ትዝ ብሎት ሊሰማ አልቻለም፤ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።