በቅርጫ የተከፋፈለው ሞተር

አባቴ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርሱ ግድግዳ ገጩ። ግድግዳው ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው፤ ጌም ቤቱን የሞሉት ሾፌሮች ሳቅ ግን የእውነት ነበር።

«ሞተሩ የታለ?» አሉ አባቴ መሪውን ሳይለቁ። «ጎማው ይጮኻል፣ ተመልካቹ ይጮኻል። ሞተሩስ? ይቺ መኪና በዜሮ ማርሽ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«አለ ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት ሰይድ።

«ቀስ ብሎ የሚሰማ ሞተር የሞተ ሞተር ነው።»

አባቴ ዘይኑልአቢዲን በአሰብ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ከቀረ ወዲህ መኪና ላይ ተሳፍረው አያውቁም። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ፣ እህታቸው፣ ታማ እንኳ አልወረዱም። «ሰው ሲነዳኝ ሬሳ የሆንኩ ይመስለኛል» ይላሉ። ሚሊኒየሙ በተከበረ በሦስተኛው ዓመት ሰይድ እዚሁ ደሴ፣ ሸዋበር ላይ መሪና ፔዳል ያለው የእሽቅድድም ጌም ሲከፍት ግን ሳይጠሩ በእግራቸው ሄዱ። መንገዱ በትልቁ ቴሌቪዥን ይታያቸዋል። የሞተሩን ዙር የሚያሳዩት ደቃቅ ቁጥሮች አይታዩዋቸውም። ድሮም ቢሆን ማርሽ የሚቀይሩት በጆሯቸው ነበር።

የግድግዳው ወሬ ኮምቦልቻ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ፈንታሁን በማግስቱ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ፈንታሁን በወጣትነቱ የአባቴ ረዳት ነበር፤ አሁን ኮምቦልቻ ላይ የራሱ ጌም ቤት አለው።

«ጋሼ፣ የደሴ ብርድ ጆሮ ያደነድናል ማለት ነው» አለ። «እኔ ጋ ይምጡ። የኔ ሞተር አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይሰማል።»

«አንተ ፍሬን ከነዳጅ መስጫ የለየኸው በማን ጥፊ ሆነና ነው?»

«በእርስዎ ጥፊ! አሁንም ያቃጭልብኛል። በሉ እሑድ እንግጠም፤ እዚሁ፣ በሰይድ መኪና። ተራ በተራ እንነዳለን፤ ጌሙ ውስጥ ያለውን ቁልቁለት ፈጥኖ የወረደ ያሸንፋል።»

«ወላሂ እገጥምሃለሁ!»

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አባቴ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ፊርደውስ፣ እሑድ ሞተሩን ካልሰማሁት ‹ዘይኑ አበቃለት› ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው» አሉኝ።

እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ የወባ ተውሳክ መፈለግ ነው። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር «አልታየኝም» እና «የለም» አንድ አለመሆናቸውን ነው። የሞተሩን ድምፅም እንደዚያው ለማየት ወሰንኩ።

ሰይድ እስከዚያው አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሞክሮ ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ የጎማው ሲጥታ ጆሮ በሳ፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። ሠርግ ከሚያደምቁ ልጆች ትልቅ ማጉያ ተዋሰ። ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ሁሉንም ባንድ ቀን ስለነካካ የትኛው ምን እንዳመጣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

«ሰይዶ፣ ማጉያውን መልስ» አልኩት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። «ሁሉንም ወደነበረበት መልሰህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

«እሺ ዶክተር።»

መጀመሪያ መንዙማ አስከፈትኩ። ከሁለቱም ስፒከሮች ጥርት ብሎ መጣ። ስለዚህ ስፒከሮቹም ገመዱም ጤነኛ ናቸው። ቀጥሎ አባቴ እንዲነዱ አደረግሁና ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሌላ መኪና በግራ በኩል ሊቀድማቸው ሲል ሞተሩ አጓራ። ቀድሟቸው ከፊታቸው ሲገባ ድምፁ ጉድጓድ እንደገባ ሁሉ ድርግም አለ። በቀኝ የመጣውም እንዲሁ። በጎን ያለ ይሰማል፤ ፊት ለፊት ያለ ይጠፋል። የእኛ ሞተር ደግሞ ያለው ፊት ለፊት ነው።

«አባ፣ መኪናዋን አያቁሙ። ወደ ግራ የሚያሳየውን ቁልፍ ይጫኑ።»

«መንገዱን ትቼ ወደ ጎን ልይ? ረዳቴ ብትሆኚ በጥፊ ነበር የማጮልሽ!»

«አንዴ ብቻ።»

ተጫኑት። በቴሌቪዥኑ ላይ የሹፌሩ እይታ ወደ ግራ ዞረና የጎን መስኮቱ ታየ። በዚያው ቅጽበት ከቀኙ ስፒከር ሞተሩ አገሳ። አባቴ ደንግጠው ለቀቁት፤ ሞተሩም ዝም አለ። እንደገና ተጫኑ፤ አገሳ።

«ያ ረቢ! አለች!» አሉ።

«አለች፤ ስታወራ ግን የምታወራው ማንም ወደሌለበት ነው» አልኩና ወደ ሰይድ ዞርኩ። «ይሄ ኮምፒውተር ካንተ በፊት የት ነበር?»

«ኮምቦልቻ። ከፈንታሁንና ከአራጋው ጋር ቪዲዮ ቤት ነበረን አይደል? ስንለያይ ዕቃውን ተካፈልን።»

«ስፒከሩ ስንት ነበር?»

«ስድስት። ሁለት ሁለት ደረሰን። ቅርጫ ነው ያደረግነው፤ ሦስት መደብ መድበን፣ ዕጣ ጥለን። በሬ ቢሆን እኔና እነሱ አንድ ቅርጫ አንገባም ነበር፤ ስፒከር ግን ክርስቲያን ነህ እስላም ነህ አይልም» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ነገሩ ገባው። «መሀል ላይ የሚቀመጠው... ለአራጋው ነው የደረሰው!»

ኩታበር ወዳለው ወደ አራጋው ደወለ። ጩኸቱ ለእኔም ተሰማኝ፤ «ሱቄ ላይ ሬዲዮ የሚያወራበትን? የደረሰኝን መደብማ አልመልስም! ከተበላ በኋላ የሚመለስ ቅርጫ የት አይተሃል?»

ሰይድ ራሱን ያዘ። «አለቀልን።»

«አላለቀም» አልኩት። «በሬው መታረዱን ያልሰማው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። እንንገረው።»

የድምፅ ማስተካከያውን ከፈትን። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስድስት ስፒከሮች ከበውት ተሥለዋል። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ድምፅ ይልክ የነበረው ከሰውየው ፊት ወዳለው ወደ መሀለኛው ነው፤ ማለትም ወደ ኩታበር። ከምርጫዎቹ መካከል ሁለት ስፒከር ብቻ ያለበትን ሥዕል ነካሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

አባቴ ነዳጅ ሰጡ።

ድምፁ ከመሀል፣ ከመሪው ሥር የወጣ መሰለ። መጀመሪያ ወፈረ፣ ከዚያ እየቀጠነ ወጣ። አባቴ በወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ የግራ እግራቸው ሳያዩት ፍሪሲዮኑን አገኘው። ግድግዳ የገጩበትን ኩርባ በሦስተኛ ማርሽ ገብተው በሁለተኛ ወጡበት። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስነሳቸው አልቻለም።

እሑድ ጌም ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፈንታሁን መጀመሪያ ነዳ፤ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው። ሞተሩ ሲያገሳ ግን ዘወር ብሎ ሰይድ ላይ አፈጠጠ።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«ከቅርጫው!» አለ ሰይድ። «ፊትህን አዙር፣ ገደል ትገባለህ!»

ፈንታሁን ዓይኑን ከቁጥሮቹ ሳይነቅል ወረደ፤ ጥሩ ሰዓትም አስመዘገበ። ከኮምቦልቻ አብረውት የመጡት በፉጨት አቀለጡት።

አባቴ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ኩርባ በመጣ ቁጥር አንገታቸውን በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ሞተሩ ገና ማቃሰት ሲጀምር እጃቸው ማርሹ ላይ ነው። ፈንታሁን ፍሬን በያዘባቸው ቦታዎች ሁሉ እሳቸው በማርሽ ያዙ። በመጨረሻው ኩርባ ሞተሩ አቃሰተ። «አለቀሰች» አሉ ለራሳቸው፣ ማርሽ ቀነሱ፣ መኪናዋ መንገዱን ነክሳ ዞረች፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሰጧት።

ሰዓቱ ሲወጣ እሳቸው ማንበብ አልቻሉም። «ስንት ነው? ስንት ነው?» ሲሉ የሸዋበር ልጆች ተሸክመው አነሷቸው። ፈንታሁን በሰው መሀል ሰርስሮ ገብቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ጥፊዎ አልበቃኝም ነበር።»

«ይጨመርልሃል፤ አብሽር።» እየሳቁ ጃኬታቸውን ለበሱ። «ሚኒባስህ የት ነው ያለው?»

«እደጅ ነው። ምነው?»

«እህቴን ልጠይቃት ነው። ጋቢናውን ልቀቁልኝ።»

ፈንታሁን አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ የጋቢናውን በር ሊከፍትላቸው ቀድሞ ወጣ።

ከደሴ ወጥተን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር እኔ ከኋላ ነበርኩ። አባቴ የጎን መስኮቱን ከፍተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለዋል። ከታች ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዎቿ ተዘርግታ ትታያለች። ፈንታሁን የመጀመሪያውን ኩርባ በአራተኛ ማርሽ ሊገባ ሲል የአባቴ እጅ ዳሽቦርዱን ጠፈጠፈው።

«ሦስት አግባ እንጂ! ስታለቅስ አይሰማህም?»

«አቤት ጋሼ!» አለ ፈንታሁን፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ።