የወዲያ ማዶ መልስ

ደግሞ ይሄ ምንጣፍ፣ እግሬን እየዋጠው ነው፣ ምንጣፍ የሚወድ ሰው አጥቦት የማያውቅ ሰው ነው፣ እኔ ብሆን ሙልጭ ያለ ሲሚንቶ አድርጌ ውሃ ነበር የምለቅበት፣ ምን አገባሽ ደሪቱ፣ ዛሬ አልጋ ልታነጥፊ አልመጣሽም፣ ልትዘፍኚ ነው የመጣሽው፣ ልትዘፍኚ ደግሞ ከማን ጋር።

ከማን ጋር።

መድረኩ ላይ ያሉት የኦሎምፒያ ልጆች ናቸው፣ ሰርከስ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ቆሞ ሌላው ከላይ ይገለበጣል፣ የእናታቸው ያለህ፣ ዳኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ እኛ ነን፣ የመልካው እናቶች ማህበር፣ ስሙን ያወጣው ልጄ ፊራኦል ነው፣ እናቶች ሲባል ደስ ይላቸዋል ብሎ፣ ስመኝ ከጎኔ ነጠላዋን ለአስረኛ ጊዜ ታስተካክላለች፣ ወልዳ አታውቅም ስመኝ፣ እኔንም እናት አደረጉኝ ትላለች ትስቃለች፣ ስትፈራ ነው እንዲህ የምትስቀው።

ያቺ ቀጭኗ ልጅ ትግስት ናት፣ የክፍለ ከተማዋ፣ እሷ ናት መጀመሪያ ሰብስባ ያስረዳችን፣ እንግዳ ሆቴል ባደረ ቁጥር ከሚከፍለው ላይ ለከተማው ትንሽ ትቀነሳለች፣ ያቺ ተጠራቅማ ባህላቸውን ጠብቀው ጎብኚ ለሚስቡ፣ ዳኞች ፊት ተወዳድረው ለሚያሸንፉ የማህበረሰብ ተቋማት በድጋፍ መልክ ትሰጣለች አለች፣ በድጋፍ መልክ፣ ስመኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ድጋፍ ከሆነ መልኩ ምን ያደርግልናል አለችኝ፣ እኔ ግን ሳቄ የመጣው በሌላ ነው፣ እዚያ ማዞሪያው አጠገብ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ የምቀይረው እኔ፣ እኔ ባነጠፍኩት አልጋ ፈረንጁ ይተኛል፣ በተኛበት ይቆረጥበታል፣ የተቆረጠው ዞሮ እኔን ዝፈኚ ይለኛል፣ ዓለም አንዳንዴ እንዲህ ትገጥማለች።

የጠየቅነው ትልቅ ነገር አይደለም፣ ለጥምቀት አውቶቡስ፣ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተነውን ሰው ለቃቅሞ መልካው፣ ወንዙ መሻገሪያ ድረስ የሚያደርስ፣ እና በሬዲዮ ማስነገሪያ፣ የላይ ዳር ሰዎች ካላችሁበት ኑ የሚል፣ ማመልከቻው ላይ እንዲያ ነው የተጻፈው፣ ማህበረሰቡን ዳግም ለማገናኘት፣ ማህበረሰቡ ጥሩ ነው፣ ይገናኝ፣ እኔ ግን ልዋሽ አልችልም፣ የምፈልገው ኦብሴን ነው፣ አንድ ሰው፣ ራዲዮ የምትሰማ ከሆነ፣ ራዲዮ ትወድ ነበር፣ ባትሪው ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር።

ናፈቀችኝ፣ በቃ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ሁለት ዳር ነበርን፣ ከአውሮፕላኑ መንደርደሪያ ጀርባ፣ መሀላችን ወንዝ፣ ወንዝ ማለት እንኳ ማሞካሸት ነው፣ በበጋ ጉልበት የማይደርስ፣ ግን ላይ ዳር ላይ ዳር ነው፣ ታች ዳርም ታች ዳር፣ ታቦቱ ለጥምቀት መልካው ላይ ሲያድር የታች ዳር ሴቶች በዚህኛው ዳር ይቆማሉ፣ የላይ ዳሮቹ በዚያኛው፣ ታች ዳር ይጠይቃል፣ ኤሳ ጅርታ፣ የት ነሽ፣ ላይ ዳር ይመልሳል፣ አሰን ጅራ፣ እዚህ አለሁ፣ ከዚያ ጥያቄው እየረዘመ ይሄዳል፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ የታመመችው ተነሳች ወይ፣ መልሱም እንደዚያው፣ ዜማው ያንተ ዳር ዜማ ነው፣ የማዶውን አትነካም፣ አውሮፕላን ሲነሳ ደግሞ ምንም አይሰማም፣ ስለዚህ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዘን እስኪያልፍ እንጎትታታለን፣ ማንም ያስተማረን የለም፣ አውሮፕላኑ ነው ያስተማረን፣ ህፃን ሆኜ የዜማው አካል ይመስለኝ ነበር፣ ሰማዩ ራሱ የሚዘፍነው።

እኔ የላይ ዳር ልጅ ነኝ። ኦብሴ የጎረቤት ልጅ፣ አብረን ኩበት የለቀምን፣ አብረን የቆምን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አሰን ጅራ እያልን፣ ድምጿ መሀል ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ፣ ሴቶቹ ይቆጧት ነበር፣ ድምፅሽን አጥሪ፣ እኔ ግን ያቺን ስንጥቅ ከሺህ ድምፅ መሀል እለያታለሁ፣ ከዚያ ረጋሳ መጣ፣ ረጋሳ ታች ዳር ነው፣ ሲድሩኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቀሚሴን ሰብስቤ ወንዙን በእግሬ ተሻገርኩ፣ ሙሽራ በድንጋይ ላይ አትዘልም፣ ውሃው ሊያውቃት ይገባል፣ ማዶ የቆዩኝ የባሌ አክስት እግሬን በነጠላቸው አድርቀው፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ዳር ነሽ፣ የዚያን ዳር ዜማ እዚያው ተይው፣ ሁለት ዳር የቆመን ወንዝ ይወስደዋል አሉኝ፣ እሺ አልኩ፣ አለቀስኩም።

በዚያው ዓመት ጥምቀት ከዚህኛው ዳር ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሳ ጅርታ ስል፣ አፌ አልለመደውም፣ ከማዶ ሌሎቹ ሳይጀምሩ ኦብሴ ብቻዋን ቀደመች፣ አሰን ጅራ፣ ከነስንጥቋ፣ ሴቶቹ ሳቁባት፣ እኔ ግን፣ እኔ በዚያች ቃል ነው የኖርኩት፣ በየቀኑ ውሃ ስንቀዳ እንገናኛለን፣ የረባ ነገር አናወራም፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ልጆች ሳል፣ አንዳንዴም እንኮራረፋለን፣ ጥምቀት ሲደርስ ግን እጠራታለሁ፣ አለሁ ትለኛለች፣ ያ ለዓመቱ ይበቃል፣ ይበቃ ነበር።

ከዚያ ላይ ዳር ለልማት ተነሳ፣ ምትክ ቦታ ተብሎ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ፣ ቀጥሎ እኛ፣ አሁን መንደሩ ላይ ፎቅ በፎቅ ነው፣ ወንዙ አለ፣ ጠቦ ጠቁሮ አለ፣ ኦብሴ መጀመሪያ ልጇ ጋ ገባች አሉ፣ ከዚያ ልጇም ለቀቀ አሉ፣ እደውላለሁ፣ የምታነሳው ያቺው የቴሌዋ ሴትዮ ናት፣ የደወሉላቸው ደንበኛ እያለች፣ ደንበኛ፣ እሷ የእኔ ደንበኛ አይደለችም እኮ፣ ዛሬ ጠዋትም ደወልኩ፣ ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፣ ምናልባት ሴትዮዋ ሌላ ነገር ትል እንደሆነ።

እና ስህተታችን። ሰው ይሄን ቢሰማ ይስቅብናል፣ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ስመኝ ቤት እየተሰበሰብን ተለማመድን፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ፣ ሁላችንም የታች ዳር ሴቶች፣ የተገኘው እኛ ነና፣ አንድም ሰው አንድ ነገር ጎደለ አላለም፣ ፊራኦል በስልኩ ቀረፀንና መልሶ ሲያጫውተው፣ ሃርሜ፣ እናቴ፣ ይሄ ቪዲዮ ይቆራረጣል እንዴ አለኝ፣ እስቲ አምጣ፣ ኤሳ ጅርታ፣ ከዚያ ዝም፣ ቀጣዩ ጥያቄ፣ ዝም፣ ያ ሁሉ ሴት አፉን ይዞ ወደ መስኮቱ እያየ፣ አይቆራረጥም ልጄ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው፣ በየእሁዱ በየጆሯችን ውስጥ መልሱ ይመጣ ነበር፣ ሁላችንም እንሰማው ነበር፣ ስልኩ ብቻ ነው ያልሰማው።

ስመኝ ተቀመጠች። ወይ ጉድ፣ ግማሽ ዘፈን ይዘን ነው እንዴ ሙሉ ያልነው።

ለፊራኦል ነገሩ ቀላል ነው፣ ኦኬ፣ ሲምፕል ነው ሃርሜ፣ አንቺ የላይ ዳር ልጅ አይደለሽ፣ ጠይቂ፣ ራስሽ መልሺ፣ ዳኞቹ ማን የየት ዳር እንደሆነ በምን ያውቃሉ፣ ፋይናል ላይ ደርሰን አናበላሸው አለ፣ ቆጣ አልኩበት፣ የማያውቀውን ነው የሚናገረው፣ ከተማ ያደገ ልጅ ነው፣ ማታ ለረጋሳ ነገርኩት፣ ይቆጣል ብዬ፣ ረጋሳ ጢሙን እያሸ፣ ሂጂና መልሺ፣ ብቻ እዚያው እንዳትቀሪ አለኝ፣ እየሳቀ፣ ግን ዓይኑ አይስቅም ነበር፣ ያን ቀን ማዶ ቆሞ ስሻገር ያየኝ እሱም እኮ ነው።

ያስፈራኝ ደንቡ አይደለም፣ አክስቱም ነፍሳቸውን ይማር፣ ወንዙም ማንንም የሚወስድበት ጉልበት የለውም አሁን፣ ያስፈራኝ ሌላ ነው፣ እኔ ከመለስኩ እሷ አትመልስም ማለት ነው፣ ቦታዋን ወሰድኩት ማለት ነው፣ ዝም የምንልበት ጊዜ የኦብሴ ቦታ ነው፣ ባዶ ሆኖ እስካለ ድረስ ልትመጣበት ትችላለች፣ እንዴት አድርጌ ነው ይሄን ለልጄ የማስረዳው።

የመልካው እናቶች። ትግስት ናት፣ ተባረኩ፣ ኑ እናቶቼ፣ አምስት ደቂቃ ናት፣ አይፍሩ እሺ፣ አልፈራሁም የኔ ልጅ፣ ፈርቻለሁ፣ ተነሱ ሴቶች፣ ስመኝ ነጠላሽን ተይው በቃ፣ መድረኩ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል፣ እንደ ልማዳችን ሳንነጋገር ሁላችንም በአንድ ዳር ተጠጋጋን፣ ግራ በኩል፣ ማዶው ባዶ፣ አንዱ ዳኛ፣ አቶ ኣፅብሃ ይሏቸዋል፣ መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው፣ መሀል ላይ ቢሆኑ አይሻልም አሉ፣ አይ ጌታዬ፣ መሀሉ ውሃ ነው፣ ማለቴ፣ እዚህ ይሻለናል።

ኤሳ ጅርታ፣ ወጣ፣ ከሆዴ ወጣ፣ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ የት ነሽ፣ የት ነሽ፣ እና ልክ ቃሉ ሊያልቅ ሲል ከጣራው በላይ ማጉረምረም፣ አውሮፕላን፣ አየር ማረፊያው እዚሁ ነው፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ማንም ማንንም ሳያይ ሁሉም ያቺን ድምፅ ያዟት፣ ጎተቷት፣ ዳኞቹ ወደ ጣራው ያያሉ ወደ እኛ ያያሉ፣ ያዙ ሴቶች፣ ያዙ፣ እያለፈ ነው፣ አለፈ።

ዝም።

ሁላችንም ወደ ባዶው ዳር እያየን፣ አንድ ወረቀት ተገለበጠ፣ አንዱ አሳለ፣ አቶ ኣፅብሃ ቀስ ብለው፣ ረሱት እንዴ፣ ትግስት ጎንበስ ብላ፣ እናቴ ይቀጥሉ፣ አይዞዎት፣ አልረሳንም፣ ቆይ ልጄ፣ ቆይ ትንሽ፣ ራቅ ያለ ቦታ ብትሆን ነው፣ ንፋሱ እየወሰደው ይሆናል፣ ኦብሴ፣ ኦብሴ እባክሽ፣ አንድ ጊዜ፣ ስመኝ እጄን ያዘችኝ፣ እጇ በረዶ ሆኗል፣ ደሪቱ፣ አለች።

ጫማዬን እያወለቅኩ ነው፣ ማን አዘዘኝ፣ እጄ ራሱ፣ ጫማዬን ያዝኩ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ምንጣፉ እግሬን ይውጠዋል፣ ይዋጠው፣ ውሃው ሊያውቀኝ ይገባል፣ ከኋላዬ የሴቶቹ ትንፋሽ፣ አንዷ ወይኔ አለች፣ ዳኞቹ ትርኢቱ ነው መሰላቸው፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ መሀሉ፣ እዚህ ጋ ያኔ ድንጋይ ነበር፣ እዚህ ጋ ውሃው ይበርድ ነበር፣ ደረስኩ፣ ዞርኩ፣ ዳሩ ላይ ቆምኩ፣ የልጅነቴ ዳር፣ አጠገቤ ማንም የለም፣ ትከሻዬ በርዶታል።

አሰን ጅራ።

ድምፄ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ድሮ የማይሰነጠቅ ድምፅ። አርጅቼ ነው፣ ወይም ለቅሶ ነው፣ ምን አውቃለሁ፣ ሴቶቹ ደንግጠዋል፣ ደንብ ተሰብሯል፣ ከዚያ ስመኝ፣ ይቺ ፈሪ፣ አፏን ከፈተች፣ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ሁሉም፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ደህና ነሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ የሚያስለቅስሽ ማነው፣ እና እኔ እዚህ ቆሜ፣

ከተሻገርኩ ጀምሮ ይሄን ጥሪ ከዚህ ዳር ሰምቼው አላውቅም፣ ያን ሁሉ ዓመት እኔ ነበርኩ ጠሪዋ፣ ብቻዬን መጠራቱን አላውቀውም፣ ያ ሁሉ ሰው ላንቺ ብቻ ሲጮህ፣ ናፍቆቱ እንዲህ ደረት ላይ ሲመታ፣ ኦብሴ፣ ይሄን ነበር እንዴ የምትሰሚው፣ በየዓመቱ፣ ከእኔ፣ ይሄን ያህል እንደምወድሽ ታውቂ ነበር ማለት ነው።

ትግስት ደቂቃው አልቋል ትላለች መሰለኝ፣ እጇን አንስታለች፣ ግን እዚያው እንደተነሳ ቀረ፣ አቶ ኣፅብሃ መነፅራቸውን አውልቀዋል፣ ድጋፉን ይስጡን አይስጡን ፊታቸው ላይ አይታይም፣ ይስጡን፣ በሬዲዮ ላስነግር፣ በየመንደሩ ልዙር፣ ባይሰጡንም እዞራለሁ፣ ይሄ ቦታ ያንቺ ነው ኦብሴ፣ እያሞቅኩልሽ ነው፣ ሴቶቹ እየጠየቁ ነው፣ እየጠበቁ ነው፣ የት ነሽ፣ የት ነሽ፣ ቆይ ልመልስላቸው፣ ኦብሴ አለች በሉ፣ አለች፣ እዚህ