ከብርጭቆው ሥር የቀረው ብር

ጋሽ ትሪ ዕድሜ ልካቸውን ጉርሻ ሲቀበሉ ኖሩ እንጂ ሰጥተው አያውቁም ነበር። ስስታም ሆነው አይደለም፤ ስስትስ ሌላ ሰው ጋ ይፈለግ። አስተናጋጅ ነበሩ። ከሻይ ቤት እስከ ነጭ ጨርቅ የሚነጠፍበት ሬስቶራንት ድረስ በአንድ መዳፋቸው ስንት ብርጭቆ ተሸክመው እንዳለፉ እሳቸውም አያስታውሱትም። የቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ትሪ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሲሄዱ ግራ እጃቸው ከወገባቸው ከፍ ይላል፣ መዳፉም ወደ ላይ ይዘረጋል። ሚስታቸው «አውርደው እንጂ፣ ሰው ለማኝ ይልሃል» እያሉ ስንት ጊዜ በክርናቸው ጎሽመዋቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው የዕረፍት ቀኑን እቤቱ በልቶ እቤቱ ጠጥቶ ነው የሚያሳልፈው። ሌላ አስተናጋጅ ፊት ደንበኛ ሆኖ የሚቀመጥበት አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

አጋጣሚውን ያመጣው ልጃቸው ነው። ደህና ሥራ ያዘና «አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አንተን ሰው ያስተናግድህ» ብሎ አባቱን፣ እናቱንና ሚጢጢ የሚሏትን ትንሽ ልጁን ጭኖ ወደ አንድ ትልቅ የመዝናኛ መንደር ወሰዳቸው። ሆቴሉም፣ መዋኛውም፣ የመጫወቻው ፓርክም በአንድ አጥር ውስጥ ነው። ከክፍላቸው መስኮት ሲታይ የሚሽከረከሩ ወንበሮች አሉ፣ ሰው ጭኖ ከፎቅ በላይ የሚዞር ትልቅ ጎማ አለ፣ ጩኸቱና ሳቁ አያባራም።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ገና በሩ ላይ ነው። ሻንጣ ተሸካሚው ዕቃቸውን በጋሪ ገፍቶ ክፍላቸው አደረሰና አልወጣም። መብራቱን አበራ፣ አጠፋ። መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። «ሌላ የጎደለ ነገር ይኖራል?» አለ። ጋሽ ትሪ ይህን አቋቋም ያውቁታል፤ አንዱ እግር ሊሄድ፣ አንዱ እግር ሊቆይ፤ ራሳቸው ሲቆሙት የኖሩት ነው። ከዚህኛው ወገን ሆነው ግን አይተውት ስለማያውቁ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፋው። ልጃቸው ደርሶ ባይሰጥላቸው ኖሮ ሰውዬው እስካሁን መጋረጃ ሲከፍትና ሲዘጋ ይገኝ ነበር።

«ለማን ለማን ነው የሚሰጠው?» አሉ ልጃቸውን፣ ሰውዬው እንደወጣ።

«ላስተናገደህ ሁሉ ነዋ አባዬ።»

ጋሽ ትሪ የተባሉትን የሚፈጽሙ ሰው ናቸውና ላስተናገዳቸው ሁሉ ሊሰጡ ተነሡ። በፓርኩ ውስጥ የምትዞረውን ትንሿን ባቡር ለሚነዳው ጎልማሳ ዘረጉለት፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደተማረከ ወታደር ወደ ኋላ አለ። ሚጢጢን አቅፎ ፎቶ ለተነሣው ድብ፣ ማለት የድብ ልብስ ለለበሰው ሰውዬ፣ መዳፉ ውስጥ ሊሸጉጡለት ሞከሩ። ድቡ ትልቁን ራሱን እየነቀነቀ፣ እየጨፈረ ሸሻቸው። እሳቸውም ተከተሉት። ድቡ ሩጫ ጀመረ። ሚጢጢ «አያቴ ድቡን አባረረው!» ብላ በለቅሶ ፓርኩን አናወጠችው። ምሳ ላይ አስተናጋጁ ሲሰጡት እሰየው ብሎ ተቀበላቸው፤ ኋላ ልጃቸው ሒሳቡን ሲያየው ጉርሻው ቀድሞ ተደምሮበታል።

«ታዲያ ሁለት ጊዜ ለምን ይቀበለኛል?»

«ደግ ሰው መስለኸው ነዋ» አለ ልጃቸው። ቀጥሎም ሕጉን በጣቱ እየቆጠረ አስረዳቸው። መጫወቻዎቹ ላይ የሚሠሩት መቀበል ተከልክለዋል፤ ድቡም እንደዚያው። ሻንጣ የሚሸከሙት ይቀበላሉ። ምግብ ቤት ሒሳቡን አይቶ ነው።

«ክፍል የምታጸዳዋስ?»

«እሷማ ትቀበላለች። ጠዋት ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ ትተህላት ትወጣለህ።»

ክፍሉ ውስጥ የት ብለው አልጠየቁም። ይህን መጠየቅ ለጋሽ ትሪ ውርደት ነው። ጉርሻ የት እንደሚቀመጥ ከሳቸው የበለጠ ማን ሊያውቅ? ከሳህኑ ሥር፣ ከስኒ ማስቀመጫው ሥር፣ ከብርጭቆው ሥር። ነፋስ አይወስደው፣ የሰው ዓይን አያርፍበት። እናም በማግሥቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ካለው የውሃ ብርጭቆ ሥር አንድ አዲስ የወረቀት ብር አጥፈው አስቀመጡ። እንድታየውም ጫፉን ትንሽ ብቅ አደረጉላት። ከክፍሉ ሲወጡ ደረታቸው ሰፍቶ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሲመለሱ አልጋው ተነጥፏል፣ ፎጣው ተቀይሯል፣ የመታጠቢያው መስተዋት ያብረቀርቃል። ብሩ ግን እዚያው ብርጭቆው ሥር አለ። አላየችውም እንዳይሉ ብርጭቆው ታጥቧል።

ጋሽ ትሪ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለአስተናጋጅ ግን አይቶ የተወው ጉርሻ ስድብ ነው። እሳቸው ራሳቸው በዘመናቸው በዚህ የታወቁ ነበሩ። አንዱ ጥጋበኛ ሰፈሩን ጋብዞ አብልቶ፣ አንዲት ሳንቲም ጣል አድርጎ ሲወጣ፣ ትሪያቸውን እንደያዙ መንገድ ድረስ ሮጠው ሰው ሁሉ እየሰማ «ጌታዬ፣ ይቺን ረስተዋት ነው?» ብለው ያስጨብጡት ነበር። የሰውዬው ጆሮ ሲቀላ የሚያዩ ባልደረቦቻቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። ያ «ረስተዋት ነው» ዛሬ በብርጭቆ ሥር ዞሮ ወደሳቸው የመጣ መሰላቸውና ጆሯቸው ጋለ።

«አንሶባት ነው» አሉ።

«ምኑ?» አሉ ሚስታቸው፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

«ጉርሻው። ሰድባኛለች።»

«ማን? አይተሃት የማታውቃት ሴትዮ?»

በማግሥቱ ሌላ ጨመሩበት። አመሻሽ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ጎን ለጎን ተስተካክለው፣ የታጠበው ብርጭቆ በላያቸው ተቀምጦ። አሁንማ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ሚጢጢ በእንጨቱ ፈረስ ላይ እየዞረች እጇን ብታወዛውዝላቸው እሳቸው ብርጭቆ ያስባሉ። ትልቁ ጎማ ጫፍ ላይ ሆነው ልጃቸው «አባዬ፣ ሐይቁን እየው!» ሲላቸው «የድቡን ነገር ሰምታ ይሆን እንዴ?» አሉት። ሰው ንቋቸው አያውቅም ማለት አይደለም፤ አስተናጋጅ ሆኖ ያልተናቀ የለም። ግን የሙያ ሰው፣ የገዛ ወገናቸው ስትንቃቸው ሆድ ይብሳል። ያቺ ሴት ብራቸውን ካልተቀበለቻቸው እሳቸውም ከነዚያ ሳንቲም ጣል አድርገው ከሚወጡት አንዱ ሆነው ሊቀሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳጎስ ያለ ብር ሲጨምሩ ሚስታቸው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ከዚህ በላይ ከጨመርክ ነገ ይህን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ!»

ጋሽ ትሪ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ቁርሳቸውን በሉና፣ ፓርኩን ከሚጢጢ ጋር አንድ ጊዜ ዞረው፣ ቀጥ ብለው ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዱ።

«ክፍላችንን የምታጸዳውን ልጅ ስለ ገንዘብ ላነጋግራት ፈልጌ ነበር» አሏት እንግዳ ተቀባይዋን።

የልጅቷ ፈገግታ ከፊቷ ጠፋ። «ስንት ነው የጎደለብዎት?»

«ኧረ አልጎደለም! ችግሩ እሱ ነው እኮ። መጉደል ነበረበት።»

እንግዳ ተቀባይዋ የሰማችው «ገንዘብ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ስልክ አነሣች። ብዙም ሳይቆይ የጽዳት ኃላፊዋ ከተፍ አለች። አንሶላ በየመደርደሪያው ወደተቆለለበት ትንሽ ክፍል አስገባቻቸው፤ የምታጸዳዋም ተጠርታ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፣ በልጃቸው ዕድሜ፤ የጎማ ጓንቷን አውልቃ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ባለፈው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል» አለቻት ኃላፊዋ። «ይኸው ደግሞ ሌላ።»

«አልነካሁም። ብርጭቆውን አጥቤ እንደነበረ ነው የመለስኩት፤ በየቀኑ። አሁን ጠዋት ሳጸዳም ነበር።» ጓንቷን ይበልጥ ጨመደደችው። «ባለፈው ከጠረጴዛ ላይ አንሥቼ አይደል የተከሰስኩት? የኔ መስሎኝ አንሥቼ። ደግሜ ጠረጴዛ ላይ እጄን የምዘረጋ ምን ቆርጦኝ!»

ጋሽ ትሪ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ። «ለሷ እኮ ነው ያስቀመጥኩት። ጉርሻዋ ነው።»

«አባት፣ ትራስ ላይ የተቀመጠ የሷ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ የእንግዳው ንብረት ነው፤ ከነካችው ትባረራለች። ሕጉ ይኸው ነው።» ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አዝነውላት እየሸፈኑላት ከሆነ ይንገሩኝ።»

ትራስ! ሰው ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበት ላይ ብር ይቀመጣል ብሎ ማን ያስባል? ጋሽ ትሪ ዙሪያው ዞረባቸው። ንቀት ያሉት ፍርሃት ኖሯል። አጥባና አስተካክላ የመለሰችላቸው ብር ለሷ እሳት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ማገዶ ሲጨምሩበት ሰነበቱ።

«ኑ፣ ክፍላችን ወጥተን እንየው» አሉ። «ሁሉም እዚያው ነው።»

ወጡ። በሩ ተከፈተ። ብርጭቆው ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ትሪ አነሡት። ሥሩ ባዶ ነው።

 የምታጸዳዋ ሴት ግድግዳውን ደገፍ አለች። ኃላፊዋ የጋሽ ትሪን ፊት አየች፣ የሴትዮዋን ኪስ አየች። ጋሽ ትሪ ብርጭቆውን ገለበጡት፣ ውስጡን አዩ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከኩ። «ነበር፤ እምላለሁ ነበር» ይላሉ፤ ማንን እየረዱ ማንን እየጎዱ እንደሆነ ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም። የተናገሩት ሁሉ በዚያች ሴት ላይ ሲዞርባት ታያቸው።

በዚህ መሐል ሚስታቸው ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው ከመዋኛው ገቡ።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ብሩ!» አሉ ጋሽ ትሪ፣ እንደተንበረከኩ።

«እኔ ጋ ነዋ። ቅድም ባርኔጣዬን ልወስድ ስመጣ አየሁትና አነሣሁት። በየሄድክበት ብር እየበተንክ፣ ቤታችን በምን ልንገባ ነው?» ቦርሳቸውን ከፍተው አወጡት።

ጋሽ ትሪ በትዳር ዘመናቸው ሚስታቸውን እንዲህ ሊያቅፉ ፈልገው አያውቁም፤ እንዲህ ሊጮሁባቸውም እንደዚያው። የምታጸዳዋ ሴት ጓንቷን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ኃላፊዋ «እንግዲህ ተጣርቷል፤ ወደ ሥራሽ» ብላ ወጣች፤ ይቅርታ አልጠየቀቻትም። ጋሽ ትሪ ሊጠይቁላት አፋቸውን ሲከፍቱ ሴትዮዋ ኮሪደሩን ተሻግራ ሄዳለች።

በሚሄዱበት ጠዋት ጋሽ ትሪ ብሩን ሁሉ በትራሱ መሐል አስቀመጡት። አስተካከሉት። ጠጋ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት። ሚስታቸውን ቀድመው አስወጡና በሩን ዘጉ። ሻንጣው ተጭኖ፣ ሚጢጢ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ፣ ልጃቸው ሞተር ካስነሣ በኋላ «መነጽሬን ረሳሁ» አሉ።

«ዓይንህ ላይ ነው እኮ» አሉ ሚስታቸው።

«ሌላኛውን» ብለው ወረዱ። ሌላ መነጽር የላቸውም።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሴትዮዋ የተገፈፈ አንሶላ አቅፋ ቆማለች፤ ትራሱ ራቁቱን ነው፣ ላዩ ላይ ምንም የለም። ጋሽ ትሪ ልባቸው ሞላ። ወሰደችው! ይህን ሊያዩ ነው የተመለሱት፤ ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ደንበኛም ጉርሻው ይነሣለት ይሆን ብሎ እንደሚጨነቅ በዚያ ሁሉ የትሪ ዘመን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም።

ሴትዮዋ ግን ያየችው ሌላ ነው። በሩ ላይ የቆሙትን ሰውዬ አየች፤ ከወገብ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ግራ እጅ አየች፤ ወደ ላይ የተከፈተ መዳፍ አየች። አንሶላው ከእቅፏ ወደቀ። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ብሩን አወጣችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይሄን ረስተውት ነው?» አለች።

ጋሽ ትሪ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጆሮ ሲቀላ የሚያዩ ባልደረቦች እዚያ አልነበሩም፤ የሚስቅም የለም። ብሩን መልሰው እጇ ውስጥ አደረጉና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

«አልረሳሁትም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?»

«መውሰድሽን ላይ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ እጇን እንደጨበጠች ቀረች፤ እያመነቻቸው እንደሆነና እንዳልሆነ ከፊቷ አይታወቅም። ጋሽ ትሪ ግራ እጃቸውን አወረዱ፤ እንደገና ከፍ ማለት ሲጀምር ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና እስከ መኪናው ድረስ እንደያዙት ሄዱ።