ዘጠና፣ ፍርሃት

ቲቲና በማታ ትምህርት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ልጇ ኢሌኒያ ግን «ሐሙስ ክፍላችን መጥተሽ ታነቢያለሽ፤ ለመምህሯ ነግሬያታለሁ» አለቻት። ቲቲና እምቢ ልትል አስባ «እሺ» አለች። «እናትሽ በጣቷ ነው የምትፈርመው» እያሉ ልጅቷን የሚያበሽቁ እንዳሉ ታውቃለች።

የምታነበውን መጽሐፍ በሥዕል ያሳተመው የሰፈሩ ማኅበር ነው። የሚተርከው ስለ ኮራሊና ነው፤ ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና ስለኖረችው። እነሱ በሚኖሩባት በጣሊያኗ ከተማ በኔፕልስ እንደ እሷ ያሉት ፌሚኒዬሊ ይባላሉ፤ ሕፃን ሲወለድ ዕድሉ እንዲሰምር እነሱ እንዲያቅፉት ይሰጣል። ቲቲናንም ስትወለድ ያቀፈቻት ኮራሊና ናት።

ሐሙስ ዕለት ኮራሊና ከንፈሯን ቀብታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«እትዬ ኮራሊና፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።»

«አንቺን ማን ያይሻል? እኔን ነው የሚያዩት።»

ቲቲና ጀመረች። ፖሊስ «ቀሚስ ለበስክ» ብሎ ኮራሊናን ያሰረበትን ገጽ ቀስ እያለች ተወጣችው። ቀጣዩ ገጽ ላይ «90» የሚል ቁጥር ስታይ ግን ምላሷ ቀደማት።

«ኮራሊና አሁን ፍርሃት ዓመቷ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በቶምቦላ ጨዋታ ቁጥር ሁሉ ስም አለው፤ ዘጠና ፍርሃት ነው። ቲቲና ቁጥሩን የለመደችው ኮራሊና ዕጣ ስትጠራ እየሰማች ነው። ኢሌኒያን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ምን ያስቃችኋል፣ እናንተ ውሪዎች?» አለች ኮራሊና። «ዘጠና ሞልቷችሁ የቤታችሁን ደረጃ ስትወጡ ስሙ ለምን ፍርሃት እንደሆነ ይገባችኋል።»

አሁን የሳቁት በኮራሊና ነው። ኢሌኒያም ሳቀች። ቲቲና ጉሮሮዋን ጠርጋ መስመሩን ከመጀመሪያው አነበበችው።

«ኮራሊና አሁን ዘጠና ዓመቷ ነው። ይህን ስም ማንም አላወጣላትም። ራሷ መረጠችው።»

«እስቲ ድገሚው» አለች ኮራሊና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እሷም በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስለተባረረች ማንበብ አትችልም፤ መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ ሥዕሎቹን ብቻ ስታገላብጥ ነው የከረመችው።

ቲቲና ደገመችላት። መሃል ላይ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ቦርሳቸውን ማንሳት ጀመሩ።

«ቁጭ በሉ» አለች ኮራሊና። «ደወሉ የእናንተ ነው። ለእኔ ገና እየተነበበልኝ ነው።»

መጀመሪያ የተቀመጠችው ኢሌኒያ ናት። ቲቲና ገጹን ገለጠችና አንድ ረጅም ቃል ለሁለት ከፍላ ማንበቧን ቀጠለች።