ከነጫማዋ

“እግርሽን ስጪኝ እንጂ፣ ልጄ።”

አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ የግራ ጫማዋን ይጎትታል፤ ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ እግሯን ታጥፋለች። ያደረችው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ነው። ቀሚሱ ተጨማዷል፤ ቦርሳዋም ትራሷ ሥር ተወሽቋል።

“ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል አልኩሽ እኮ። ለምንድን ነው በጫማ የምትተኚው?”

“ዝም ብዬ።”

“ዝም ብሎ በጫማ የሚተኛ ሰው የለም።”

“እኔ አለሁ” አለችው።

የያዘውን ጫማ ለቀቀ።

ሰፈሩ ድንቡሼ ብሎ ስም ያወጣላት ጉንጮቿ ሙሉ ስለነበሩ ነው። አሁን ግን ከስታለች። ከመማሪያ ክፍሎቹ ወለል ሥር ያለው የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ትምህርት ቤቱ ላልተወሰነ ጊዜ ከተዘጋ ወዲህ፣ ዳቦዋን ሁለቴ ገመጥ አድርጋ ትተወዋለች፤ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። ልብስ ፋብሪካ የምትሠራው እናቷ “አሟታል፣ ሐኪም ይያት” ትላለች። ጎረቤታቸው እትዬ ደግሞ “ቅብጠት ነው” ይላሉ። አባት ጠዋት ከሚስቱ ጋር ይስማማል፤ ማታ ከእትዬ ጋር ይስማማል። ግራ የገባው ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

ሥራው የታክሲ ተራ ማስከበር ነው። ሹፌሮቹ እሱን ራሱን “ፊሽካ” ብለው ነው የሚጠሩት። ሰዓቱ የደረሰ መኪና በእሱ ፊሽካ ይነሣል፤ ማንንም አይጠብቅም። “የወለደችኝ እናቴም ብትሆን፣ ከቀረች ቀረች” እያለ ይፎክራል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለና፣ ያን ሁሉ ጉልቤ ሹፌር ያሰለፍኩ ሰውዬ አንዲት ፍሬ ልጅ ታቅተኛለች? አለ። ለአፍ ዳገት የለውም። ፊሽካውን ቤት አመጣው። አንዴ ሲነፋ ንባብ፣ ሁለቴ ሲነፋ ሒሳብ፣ ረዘም አድርጎ ሲነፋ ምሳ ሆነ። ሒሳቡ ትምህርት ቤቱ በስልክ የላከው የዳክዬ ሥዕል ነበር፤ ዳክዬዎቹ ለምን በሳጥን በሳጥን እንደታጠሩ ለእሱም አልገባውም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቀን ስትስቅ ዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ መሮጥ ጀመረች። ትምህርት ናፍቋት ነው ብሎ ደስ አለውና ደጋግሞ ነፋ። ማታ ጫማዬን አላወልቅም ያለችው ያን ዕለት ነው።

ፈቃዱ አልቋል። ዛሬ እትዬ ዘንድ ሊያስቀምጣት በራቸውን ሲያንኳኳ፣ ብቅ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይቅር በለኝ ልጄ፣ አልችልም። እህል የማይቀምስ ልጅ እኔ ጋ ውሎ አንድ ነገር ቢሆን ምን ይውጠኛል?”

“ቅብጠት ነው ብለውኝ አልነበር እንዴ፣ እትዬ?”

“እሱማ ትናንት ነው።”

“ትናንትና ዛሬ ምን ለያቸው?”

“እንጃ። ዛሬ ዓይኗ አስፈራኝ።”

ይዟት ወደ ሥራ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ሐኪም ዘንድ ቢወስዳት ምን ብሎ ሊናገር ነው? ልጄ በጫማ ትተኛለች ሊል? በሽታ ቢሆን እንኳ ስም ይኖረው ነበር። የገዛ ልጁን ምን እንደያዛት አለማወቁ አስፈራው፤ ትንሿን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ተራው ላይ ደርሶ ጥላው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣት። አብሮት ተራ የሚያስከብረው ባልደረባው “ቦርሳ ይዘሽ የመጣሽው ልታስተምሪን ነው?” ቢላት ፈገግም አላለች። መኪና ይመጣል፣ ሰው ይገባል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ መኪና ይሄዳል። እሷ ቦርሳዋን አቅፋ እያንዳንዱን በዓይኗ ትሸኛለች።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከማዶ እጇን እያውለበለበች ስትሮጥ መጣች። መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ነበር፤ ሰዓቱ ግን ደርሷል። አባት እንደ ልማዱ ነፋ። ሴትዮዋ አቧራው ውስጥ ቆማ ቀረች። ወዲያው ከኋላው ልቅሶ ሰማ።

ድንቡሼ ናት፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት ታለቅሳለች።

“ምን ሆንሽ፣ የኔ እናት? ምንሽን ነው ያመመሽ?”

“ጥሏት ሄደ።”

“ሌላ መኪና ይመጣላታል እኮ።”

“ለእኔስ?”

“ለአንቺ ምን?”

“ትምህርት ቤቱ። ጥሎኝ ሄደ።”

አባት ባልደረባውን አየ፤ ባልደረባው ሰማይ ሰማዩን አየ።

“ትምህርት ቤት የት ይሄዳል? ቧንቧ ነው የፈነዳው።”

“ሁሉም ሌላ ቦታ እየተማሩ ነው። እኔ የጫማ ክሬን ሳስር አረፈድኩ። ለአንቺ ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ ጥለውሽ ነው የሚሄዱት አልከኝ። ከዛ በነጋታው ትምህርት ቤት የለም አልከኝ።”

ያን ጠዋት አስታወሰው። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሹፌር ሲያዋክባት፣ ጭራሽ ፊሽካ ነፍቶባት ነበር። እሱ እዚያው ረስቶታል፤ እሷ ግን ተኝታም ተነሥታም ይዛው ከርማለች። ቤት ውስጥ ፊሽካው በተነፋ ቁጥር የሚወስዳት የመጣ መስሏት ነበር የምትሮጠው፤ በጫማ የምትተኛውም ዳግመኛ ላለማርፈድ ነበር። አፈረ።

“ማንም ጥሎሽ አልሄደም። ሁሉም እንዳንቺ ቤታቸው ናቸው።”

“አይተሃቸዋል?”

አላያቸውም። እሱም ቢሆን የሚያውቀው ስልኩ ላይ የደረሰውን መልእክት ብቻ ነው።

“አላየኋቸውም” አለ። “ትምህርት ቤቱ ድረስ እንሂድና አብረን እንይ።”

ባልደረባውን “እስክመለስ ያዝልኝ” ብሎ በትምህርት ቤቱ በኩል ወደሚያልፈው ታክሲ ወሰዳት። መኪናው ሞልቶ የሁለቱ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ ልትገባ እግሯን ስታነሣ የቀኝ ጫማዋ ክር ተፈትቶ ተንዘላዘለ። ልታስር ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ደንገጥ ብላ አባቷን አየችና እንደተፈታ ትታው ልትገባ ቸኮለች።

“እሰሪው” አላት።

“ይሄዳል።”

“እሰሪው፣ ግድ የለም።”

የመኪናው መርገጫ ላይ ቁጭ አለች። ክሩ አንዴ አመለጣት፣ ሁለቴ አመለጣት። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

“ፊሽካ፣ ምን ነካህ ዛሬ? ሰዓቴ አለፈ እኮ፣ ንፋ እንጂ።”

“ትጠብቃለህ።”

“ማንን?”

“እሷን።”

ሹፌሩ ቀልድ መስሎት ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። ልጅቷ ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ አጠበቀች። መኪናውን አየች፣ ሹፌሩን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ ደህና አድርጋ ያሰረችውን ክር ፈታችና እንደ አዲስ ጀመረች።

ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ይለቁታል። አባትየው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ መርገጫው ላይ ከጎኗ ቁጭ አለ።